የፋሲካው ሥጋ

ንዋይ እኔ ጋ በረሳው ጃኬት ላይ ፀጉር ያገኘሁት ማክሰኞ ዕለት ነው፤ ሽማግሌዎቹ እናቴ ቤት ሊመጡ አምስት ቀን ሲቀራቸው። ቀናተኛ አይደለሁም እያልኩ ለሰው አወራለሁ፤ ውሸቴን ነው። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስልኩ ዝግ ነበር። «ኦቨርታይም ነው፣ ራኪ» ይለኛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንገናኝ ግን ጥፍሩ ሥር እንደ ዝገት የጠቆረ ነገር አያለሁ፤ እንዳየሁም ሲያውቅ እጁን ኪሱ ይከታል።

ፀጉሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብኩት። አጭር ነው፣ ድርቅ ያለ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ጫፉ ቡናማ። በየትኛዋም ሴት ጭንቅላት ላይ የሚበቅል አይደለም። እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጃኬቱን አሸተትኩት፣ ደስታዬም እዚያው አለቀ።

ንዋይ ለንደን ውስጥ የሃያ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ ደግሞ ካምደን አንድ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አጸዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሆሎዌይ በእሱ አውቶቡስ እየሄድኩ ነው የተዋወቅነው፤ መጀመሪያ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን፣ ቀጥሎ እየሮጥኩ ስመጣ በሩን ትንሽ አቆይቶ በመዝጋት፣ ኋላ ደግሞ በደብዳቤ። አዎ፣ በደብዳቤ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ በሚያወራበት ዘመን ንዋይ ማውራት ስለማይችል ይጽፋል። ካርዴን ሳስነካ በመስኮቱ ሥር አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት ያቀብለኛል፤ እኔም ካምደን እስክደርስ አንብቤ አንብቤ እጨርሳታለሁ። «ዛሬ ሰማያዊው ሹራብ ያምርብሻል» ብቻ የምትል አለች። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ስለ መጸየፌ ቀድሜ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ደም አውቃለሁ። በቀን ስንት ትሪ መቀስና መቆንጠጫ ከነደሙ ይመጣልኛል። እኔ ጋ የሚደርሰው ግን ባለቤት የሌለው ደም ነው፣ ብረት ላይ የደረቀ። እንዲያም ሆኖ አልለመድኩትም፤ ክንዴን እስከ ክርኔ ሳልፈትግ እህል አልነካም። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ናት። ሆሎዌይ ሠላሳ ዓመት ስትኖር ከሱቅ የተገዛ ሥጋ አፏ ገብቶ አያውቅም። በስመ አብ ተብሎ ክርስቲያን ያላረደው ሁሉ ለእሷ በክት ነው። በክት የሚለውን ቃል ስትናገር ራሱ አፏን በነጠላዋ ጠርዝ ታብሳለች።

ጃኬቱን ይዤ በባቡር ሃርልስደን፣ ንዋይ የተከራየው ክፍል ሄድኩ። በሩን ሲከፍት ፀጉሩን በሁለት ጣቴ ይዤ አሳየሁት።

«የማን ነው?» አልኩት።

ፀጉሩን አየና «የአጋዘን ነው» አለኝ።

«የምን?»

«አጋዘን። ቅዳሜ ቅዳሜ አድናለሁ፣ ራኪ። ከከተማ ውጭ የሕዝብ ደን አለ። ኮርሱን ወስጄ ተፈትኛለሁ፣ የጠመንጃ ላይሰንስ አለኝ፣ ፐርሚትም አለኝ። ሕጋዊ ነው። እንዳልነግርሽ... አንቺ ሽንኩርት ከትፈሽ እንኳ አራት ጊዜ ነው የምትታጠቢው።»

ሳቅኩ። በሳቄ መሐል ግን ዓይኔ ጥግ ላይ የቆመው ፍሪዘር ላይ አረፈ። ለአንድ ወንደላጤ ያንን የሚያህል ፍሪዘር ምን ይሠራለታል ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከፈትኩት። በነጭ ላስቲክ የተጠቀለለ ሥጋ ቀኑ ተጽፎበት ተደርድሯል፤ ጭን፣ ወርች፣ አንገት።

«ማን ይበላዋል ይሄን?»

«እኔ እበላለሁ። ታች ላለችው አሮጊት እሰጣታለሁ። የሚበዛውን የአደን ሥጋ ነጋዴ ይወስደዋል።»

«ሌላስ?»

መሬት መሬት ያያል። ፋሲካ ትዝ አለኝ።

ፋሲካ ሲሆን የእኛ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ወንዶቹ ቀዳም ሥዑር ዕለት ከከተማ ውጭ ቄራ ሄደው፣ ባርከው አርደው፣ ቅርጫውን ይከፋፈላሉ። ዘንድሮ የእናቴን መደብ እንዲያመጣ የተላከው ንዋይ ነበር። አመጣም። እናቴ ሥጋውን እያገላበጠች «ጮማ የሚባል የለውም፤ ግን ልስላሴው!» ስትል አጠገቧ ቆሜያለሁ። «ሳር ብቻ የበላ ከብት ነው፣ የታረደ ነው፣ እትዬ» አላት። ቤታችን ያን ቀን በእንግዳ ሞልቶ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ አስጨምሬያለሁ።

«ንዋይ፣ የፋሲካው ሥጋ?»

«አዎ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

የደረስኩት እቃ ማጠቢያው ላይ ነው። ሰባት ወር ያለፈው ጉርሻ አሁን የሚወጣ ይመስል አስታወከኝ። ንዋይ ጀርባዬን ሊደግፍ እጁን ሲዘረጋ «እንዳትነካኝ!» አልኩት። ያንን እጅ ስንት ቀን ይዤ ካምደን መንገድ ላይ ሄጃለሁ! በሩን ይዤ ስወጣ ከኋላዬ እንዲህ አለ፦

«ቅዳሜ አብረሽኝ ነይ። አይተሽ ፍረጂብኝ። ከዚያ እሑድ ሽማግሌዎቹ አይምጡ ካልሽ፣ እኔው ራሴ ደውዬ አስቀራቸዋለሁ።»

ባቡር ውስጥ አፌን በስካርፌ አፍኜ ተቀመጥኩ። ናፍቆኝ ነበር፤ ያስጠላኝም የነበረው እሱ ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ አልገባኝም።

*

ለምን እንደሄድኩ አልዋሽም፤ ልጠላው ነው የሄድኩት። አንዴ በደንብ ከዘገነነኝ ይወጣልኛል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ በመኪናው ደኑ ጋ ደረስን። አመዳይ መሬቱን ነጭ አድርጎታል። ለሁለታችንም የጭቃ ቀለም ያለው ልብስ አመጣ፤ የኔው ከዚህ በፊት ማን እንደለበሰው እንጃ፣ የእርጥብ ውሻ ሽታ አለው። «ሱሪሽን ካልሲሽ ውስጥ ክተቺ» አለኝ። «ለምን?» ስለው «መዥገር» አለ። በዚያች አንዲት ቃል ቀኔ ተበላሸ።

ከዚያ መቆም ነው። አደን ማለት መሮጥና መተኮስ የሚመስለው ሰው ይምጣና ከአንድ የዛፍ ግንድ ሥር አራት ሰዓት ይቁም። ማሳል የለም፣ ማከክ የለም፣ ስልክ የለም። ነፋሱ ከእኛ ወደ እነሱ ከነፈሰ አበቃ፣ ቦታ መቀየር ነው። ሁለት ጊዜ ቀየርን። ጭቃው ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ጣቶቼ መሐል ሲንሸራሸር ይሰማኛል። ከላዬ ወፍ ተጸዳዳችብኝ። ንዋይ በጣቱ «ዝም» አለኝ። ዝም አልኩ፤ ግን በልቤ ያወረድኩበትን እርግማን እኔ አውቃለሁ።

«ይሄ ምኑ ነው ደስ የሚለው?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁት።

ደኑን እያየ መለሰልኝ። ንዋይ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«አውቶቡስ ላይ በቀን ስንት ሰው ፊቴ ያልፋል። ካርድ ያስነካል፣ ያልፋል። ማንም አያየኝም። ከነሱ ሁሉ ውስጥ ያየሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እዚህ ግን አንዲት አጋዘን ካየችኝ ቀኔ አለቀ። እዚህ ስቆም ያለሁ ይመስለኛል።»

እጄ ወደ እጁ ሊሄድ ቃጣው፤ ያ ሥጋ ትዝ አለኝና መለስኩት።

አንዲት አጋዘን ከጥዱ መሐል ብቅ አለች። ንዋይ ጠመንጃውን ሦስት እግር ባለው እንጨት ላይ አሳርፎ አነጣጠረ። ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ አፈ ሙዙን ዝቅ አደረገው። ከአጋዘኗ በስተኋላ፣ እጅግ ርቆ፣ ቀይ ጃኬት የለበሰች ሴት ውሻዋን ታናፍሳለች። አጋዘኗ ዘላ ጠፋች።

«ሴትየዋ እኮ ሩቅ ናት» አልኩት።

«ደኑ የሕዝብ ነው፤ የእሷም ነው። ከአጋዘኗ ጀርባ ጥይቱን የሚያቆም አፈር ካላየሁ አልተኩስም።»

ልጠላው የሄድኩት ሰው ይህን ሲል አናደደኝ።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ እግሬ የኔ መሆኑ ሲያጠራጥረኝ፣ ሌላ አጋዘን ጉብታ ሥር ወጥታ ቆመች። ከኋላዋ አፈር ነው። የንዋይ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ፣ በትንፋሽ። ቃታውን ሳበ። ጩኸቱ ደረቴን መታኝ። አጋዘኗ አንዴ ዘለለችና እዚያው ተደፋች።

ንዋይ ቀረብ ብሎ በዱላው ጫፍ የዓይኗን ብሌን ነካ። መሞቷን የሚያረጋግጡት እንዲያ ነው አለኝ። ዓይኗ አልተርገበገበም። ከዚያ አንገቷን ወጋና ደሙ በአመዳዩ ላይ ወጣ። ከሻንጣው ሰማያዊ ጓንት አወጣ፤ እኔ ሥራ ቦታ የማደርገው ያው ጓንት! ሆዷን ሲከፍት ትኩስ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ፈርስ፣ ደም፣ የተብላላ ቅጠል፤ ሽታው ምላሴ ላይ ተቀመጠ። አንጀቱ እየተንሸራተተ ወጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግራጫ። አንድ እግሯ እየወደቀ አስቸገረው።

«ያዥልኝ» አለ፣ ሳያየኝ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያዝኩት። ጓንቱን ለመልበስ እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም። እግሯ ገና ይሞቃል። ያ ፀጉር፣ ያ አጭር ደረቅ ፀጉር፣ በመዳፌ ሙሉ ነበር። መዥገር ከብብቷ ወጥቶ ወደ ጣቴ ሲሄድ አየሁ፤ ጮኼ ለቀቅኳት። ንዋይ ጉበቷን በብርሃን እያገላበጠ መረመረ፣ እጢዎቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። እኔ መቀስ እንደምመረምረው ነው። ዞሬ ዛፉ ሥር አስታወክሁ።

አፌን ጠርጌ ስመለስ ጠየቅሁት።

«በስመ አብ ብለህ ነው የምትተኩሰው። ታዲያ ለምን ነፍሷ ሳይወጣ ደርሰህ አታርዳትም? ያኔ በክት አይሆንም ነበር።»

«እንድደርስባት አቁስዬ ማቆየት አለብኝ» አለ። «ያንን አላደርገውም። እናትሽም ብታየኝ፣ ቄስም ቢያየኝ አላደርገውም። በክት መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ ነው።»

«አውቀህ አበላሃት።»

«ሺፍቴ ዘግይቶ ነበር ያለቀው። ቄራው ስደርስ ተከፋፍለው ሄደዋል። ሰው የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱን ሥጋ አምጣ ተብዬ የተላክሁ ሰው ነኝ። ባዶ እጄን የእናትሽን ደጅ መርገጥ አፈርኩ፣ ራኪ።»

ቢላዋውን በቅጠል ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። በዚያች ሰዓት ባቅፈው ደስ ባለኝ፤ ግን እስከ ክርኑ ደም ነው።

«ስማኝ» አልኩት። «ነገ ሽማግሌ ስትልክ፣ ብትነግራት አትሰጥህም። ባትነግራት ግን እኔ አልመጣልህም። የበላችውን ሳታውቅ የምትመርቀኝን ምርቃት አልፈልግም።»

ቀና ብሎ አየኝ። መልስ ሳይሰጠኝ መንገዱን ሁሉ ነዳ፤ ሆሎዌይ አድርሶኝ ሲመለስ የኋላ መብራቱን እያየሁ በመንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ አራተኛም ታጠብኩ። ሽታው ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ማለት ይሄ ነው አልኩና አልቅሼ ተኛሁ።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ንዋይ ለንደን ውስጥ አጎት የለው፣ የአገር ልጅ የለው፤ ሽማግሌ ያደረገው የእናቴኑ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለምኖ ነው። ጋሽ ኃይለልዑል፣ ድሮ መምህር የነበሩት፣ መሐል ቆሙ። ጋሽ ደረጄ በቀኝ፣ ጋሽ ክብሮም በግራ። ሦስቱም ከቤታችን ማዕድ የማይጠፉ ናቸው። እናቴ የቸኮለችበት ምክንያት ነበራት፤ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

እኔ በደንቡ መሠረት ማድ ቤት ነኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ በስንጥቁ አያለሁ። ብርጭቆ የማጥብ መስያለሁ፤ አንዱን ብርጭቆ ነው የማጥበው።

በእኛ ቤት ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ባለቤቱ ቃሉን ሰምቶ «ተቀመጡ» ካለ፣ ነገሩን አልገፋውም፣ እንነጋገርበታለን ማለት ነው። ዝም ካለ ደግሞ በመጡበት ይመለሳሉ። እናቴ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በፊቷ ደስታ ነበር።

«ወይዘሮ ኤልፍነሽ» አሉ ጋሽ ኃይለልዑል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጅዎን ራኬብን ለልጃችን ለንዋይ እንዲሰጡን ደጅዎ ቆመናል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ልጁ በእጁ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ሳትቀመጡ ይነበብልኝ ብሎ ለምኖናል።»

ብርጭቆውን አስቀምጬ ወደ ስንጥቁ ተጠጋሁ።

«ይሄ ልጅ እኮ ጨዋ ነው» አለች እናቴ። «መነጽሬ መኝታ ቤት ነው፣ እርስዎ ያንብቡልኝ፣ ጋሽዬ።»

ጋሽ ኃይለልዑል ክፍል ፊት እንደቆመ መምህር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ።

«ይድረስ ለእትዬ ኤልፍነሽ። ጤና ይስጥልኝ። በቃል መናገር ስለማልችልበት ጽፌያለሁ። ለፋሲካ ያመጣሁልዎ ሥጋ የቅርጫው አልነበረም...» ቆም አሉ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት፣ መልሰው አቀረቡት። ድምፃቸው ወረደ። «...ቄራው የደረስኩት ተከፋፍለው ከሄዱ በኋላ ነው። ባዶ እጄን መምጣት አፈርኩ። ቤቴ የነበረውን፣ ከደን በጥይት የገደልኩትን አጋዘን አመጣሁልዎ። የታረደ ነው ብዬ ዋሸሁዎ። በክት ነው ያበላሁዎ። ራኬብ አታውቅም ነበር። ከእርስዎ ጋር የበሉት አባቶችም አያውቁም። ልጅዎን ቢከለክሉኝ አይፈረድብዎትም። ግን ይህን ደብቄ ልወስዳት አልችልም። ንዋይ።»

በቤቱ ውስጥ የፋሲካውን ወጥ ያልበላ ሰው አልነበረም። ጋሽ ደረጄ፣ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ያስጨመሩት፣ መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸው ላይ ጫኑት። ጋሽ ክብሮም አማተቡ።

«ሰባት ወር!» አሉ። «ሰባት ወር ሙሉ በዚህ አፌ ቆርቤያለሁ!»

እናቴ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃ ሲወርድ ሰማን። ስትጉመጠመጥ፣ ስትተፋ፣ ደግማ ስትጉመጠመጥ። አራት ትልልቅ ሰዎች የአንዲት አሮጊት ምራቅ እያዳመጥን ቆምን። ስትመለስ ፊቷ እርጥብ ነው፣ ከንፈሯ ከመፈተግ ብዛት ቀልቷል።

«በቤቴ» አለች። «በድስቴ። በገዛ እጄ አቁላልቼ ለሰው አጎረስኩ። ለሰው!»

ጋሽ ኃይለልዑል ደብዳቤውን አጠፉት። «ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ እኛም አፍረናል። ይህን ብናውቅ ደጅዎን አንረግጥም ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው አንቆምም።»

ይህን ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው። ጋሽ ደረጄ ተከተሉ፣ ጋሽ ክብሮምም። ከሽማግሌነት ወጥተው እንግዳ ሆኑ ማለት ነው። ምንጣፉ ላይ የቆሙበት ቦታ ባዶውን ቀረ።

ያ ባዶ ቦታ ነው ያቃጠለኝ። ንዋይ ለምኖ ያገኛቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ተቀመጡ። ወጣሁና እዚያው ቦታ ላይ ቆምኩ።

«አንቺ! ማድ ቤት ግቢ!» አለች እናቴ።

«አልገባም፣ እማዬ። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

«ነውር ነው!» አሉ ጋሽ ክብሮም። «ሴት ልጅ ስለ ራሷ...»

«ስለ ራሴ አይደለም የቆምኩት፣ ጋሼ። ስለ ንዋይ ነው። የሚቆምለት ሰው ከተገኘ ይኸው እገባለሁ።»

ማንም አልተነሣም። እናቴን አየኋት።

«እማዬ፣ እኔም እንዳንቺ ይቀፈኛል። ሐሙስ ዕለት ብትጠይቂኝ ስሙንም መስማት አልፈልግም ነበር። ትናንት አብሬው ጫካ ሄጄ ነበር። አይቼዋለሁ። ሆዷን ሲከፍት ቆሜያለሁ፣ እግሯንም ይዤለታለሁ፣ በዚህ እጄ። አስታውኬያለሁ። አሁንም ሽታው አለ፣ ዛሬም አልለቀቀኝም። ወደፊትም የሚለቀኝ አይመስለኝም። በየቅዳሜው እንደሚያንገሸግሸኝ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የምለምንሽ።»

«ዋሸኝ፣ ራኬብ።»

«ዋሸሽ። ያኔ የዋሸሽ ባዶ እጁን መምጣት አፍሮ ነው። ዛሬ ባዶ እጁን ነው ሽማግሌ የላከብሽ። ዝም ቢል ኖሮ ማን ያውቅበት ነበር? እኔ ለማንም አልነግርም ነበር፣ ሬሳዬ ይወጣል እንጂ። ሽማግሌዎቹን የሚያስቀይም ደብዳቤ በሽማግሌዎቹ እጅ የላከ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔን ሊያጣ ፈቅዶ ነው የነገረሽ። እኔ ደግሞ እንዲህ የሚወደኝ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

መለመኛ ቃሌ አለቀ። ቆምኩ።

ታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ አለፈ፣ ሌላ አለፈ። ጀርባዬን ያመኛል፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ አልጠረግሁትም። ጫካው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይህን ነው፤ ሳይነቃነቁ መቆም። ከተነቃነቅሁ እንደምትጠፋብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ዓይኗን ብቻ እያየሁ ቆምኩ።

እናቴ ፊቴን አየች። ከዚያ ዓይኗ ወረደና እጆቼ ላይ አረፈ። ሳላውቀው ሁለቱንም ወደፊት ዘርግቼ ኖሯል፣ እንደ ለማኝ። ብዙ አየቻቸው። አፏ እንደ ሁልጊዜው ተኮማተረ፤ የነጠላዋን ጠርዝ አንሥታ ከንፈሯን አበሰች፣ ቀጥሎም ዓይኗን።

«እጅሽን ታጠቢና» አለችኝ፣ «ነይ ተቀመጪ።»